ምላጭ የፈራችው የነጋዴ ሚስት

ተረት ተረት።

— ጆሯችን ክፍት፣ በራችን ዝግት።

በራችን ዝግት ትላላችሁ፣ ነፋሱ ግን ይኸው ጀርባዬን ይመታኛል። ማነው በሩ አጠገብ ያለው? ግፋው እስቲ። እንዲያ ነው። አንቺም እግርሽን ሰብስቢና ወንድምሽ ይቀመጥ። እንግዲህ እንዳታቋርጡኝ። ካቋረጣችሁኝ ትቼው እተኛለሁ፣ ታውቁኛላችሁ።

በድሮ ዘመን፣ የጨው ነጋዴ በሚያልፍበት መንገድ ዳር፣ ትርንጎ የምትባል አንዲት ሳዱላ ነበረች። ሳዱላ ምን እንደሆነ የዛሬ ልጆች አታውቁም። በዚያን ጊዜ ልጃገረድ አናቷን ትላጫለች፣ ጠጉር የምትተወው ዙሪያውን ብቻ ነው። አናቷ የተላጨ ከሆነ ገና አልተዳረችም ማለት ነው። ስትዳር ምላጩ ይቀርና አናቷ ይበቅላል። ከዚያም እንደ ባለትዳር ሴት ሙሉ ሹሩባ ትሠራለች።

ትርንጎም ተዳረች። ያገባት ቢሰውር የሚባል ነጋዴ ነው። በቅሎ ጭኖ፣ ከጓደኞቹ ጋር ሩቅ ቆላ ወርዶ፣ ጨው ይዞ የሚመለስ። ሳቂታ ልጅ ነበር። ትርንጎ ወደደችው። መውደድ ስላችሁ፣ ድምፁን ከአጥር ውጭ ስትሰማ የያዘችው ነገር ከእጇ ይወድቃል። አትሳቁ። እናንተም ላይ ይደርሳል።

ነጋዴ ግን አይቀመጥም። ሰርጉ ገና ከሰው አፍ ሳይወርድ መስቀል ጠባና ጓደኞቹ ጠሩት። የትርንጎ አናት ያን ጊዜ እንደ ጤፍ ቡቃያ ገና ብቅ ብቅ ማለቱ ነው። ቢሰውር በሩ ላይ ቆመና መዳፉን አናቷ ላይ አሳረፈ።

ቢሰውርም፦ «ስመለስ ይኼን አድጎ፣ ሹሩባ ተሠርቶ ልየው» አላት።

ትርንጎም፦ «መቼ ነው የምትመለሰው?» አለችው።

«ለፋሲካ።»

«ማልልኝ።»

«እናቴ ትሙት።»

እናቱ ወይዘሮ ወርቅያንጥፉ ከበስተጀርባ ቆመው ይሰሙ ነበር። «አንተ ልጅ፣ እኔን ገድለህ ነው ሚስትህን የምታጽናና?» አሉት። ሦስቱም ሳቁ። ከዚያም ቢሰውር ሄደ። ትርንጎና አማቷ ቤቱ ውስጥ ሁለት ሆነው ቀሩ።

ጠጉሯም አደገ። በሚዶ ስታበጥረው በልቧ ታናግረዋለች፦ «እደግልኝ። እሱ ሳይመጣ እደግልኝ» ትለዋለች። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ መንገድ ዳር ወጥታ ትቆማለች። አቧራ ባየች ቁጥር ልቧ ብድግ ይላል። አቧራው የከብት ይሆናል። ትመለሳለች። በማግሥቱም ትወጣለች። መንገድ ሲያይ የኖረ ሰው ይኼን ያውቀዋል፣ ያላየ ሰው ብነግረውም አይገባውም።

አንድ ቀን ጎረቤቷ እንኮይ ሹሩባ ልትሠራት ጉልበቷ ሥር አስቀመጠቻት። እንኮይ እጇ ፈጣን ነው፣ አፏ ደግሞ ከእጇ ይፈጥናል። ስታወራ ስታወራ ቆየችና ዝም አለች።

ትርንጎም፦ «ምነው ዝም አልሽ?» አለቻት።

እንኮይም፦ «እዚህ አናትሽ ላይ ጠጉር የለም። ምስር የምታህል ባዶ ስፍራ አለች» አለች።

«በሳዱላነቴ ምላጭ ቆርጦኝ ይሆናል።»

«የቁስል ጠባሳ አይደለም። ልስልስ ብሏል። ላሽ ነው ትርንጎዬ፣ ጠጉር የሚበላው ላሽ። እኔ ከላይ ሹሩባውን አሳልፌ ልሸፍንልሽ እችላለሁ። ግን ይሰፋል። ዛሬ ነገ ሳትዪ እማሆይ አጸደ ዘንድ ሂጂ።»

እማሆይ አጸደ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር የሚኖሩ መነኩሴ ናቸው። የራስ በሽታ መድኃኒት ያውቃሉ። መድኃኒታቸው ያቃጥላል፣ አፋቸውም ያቃጥላል። ትርንጎ ሄደች። እማሆይም ፀሐይ ላይ አስቀመጧትና አናቷን ገልጠው አዩ። ዙሪያውን ያለውን ጠጉር በጣታቸው ሳብ ቢያደርጉት ያለ ምንም ሕመም ተከተላቸው።

እማሆይም፦ «በጊዜ መጣሽ። ሥሩ ገና አልሞተም። ነገ ማልደሽ ነይና ራስሽን እላጭሻለሁ። አጥቤ እቀባሻለሁ። እየተመላለስሽ ትቀቢያለሽ። ይበቅላል» አሏት።

ትርንጎ «እላጭሻለሁ» ያሉት ላይ ቀረች። ሌላውን አልሰማችውም።

«ሳይላጩኝ አይሆንም?» አለች።

«ጠጉር ላይ ብቀባ ጠጉሩን ቀባሁት እንጂ ምን አከምሁ? የታመመው ቆዳው ነው።»

«ባለቤቴ መንገድ ላይ ነው እማሆይ።»

«እና?»

እና ትላላችሁ እናንተም። ስሙኝ። በዚያ አገር ባለትዳር ሴት ራሷን የምትላጨው ሰው ሲሞትባት ነው። ምላጭ ማለት መርዶ ማለት ነው። ባሏ መንገድ ላይ ሳለ ራሷን የተላጨች ሚስት ሞቱን ጠራችው ማለት ነው። ሟርት ነው። ማንም ቤቱ አያስገባትም።

ትርንጎም፦ «ብላጭ ምን እያልሁ ነው?» አለች።

«ራሴን አመመኝ እያልሽ ነዋ።»

«አገሩ እንዲያ ብሎ አይሰማኝም።»

«አገሩ ጠጉር አያበቅልልሽ።»

«እርስዎ መነኩሴ ነዎት። ጠጉር ከተዉት ቆይተዋል። የእኔ ነገር አይገባዎትም» አለችና እንባዋ መጣ። «አድጎ ልየው ብሎኝ ነው የሄደው። መጥቶ የተላጨች ሚስት ያግኝ? ደግሞስ በእኔ ምላጭ የተነሣ አንድ ነገር ቢሆንብኝ? ለፋሲካ ይመጣል። ቤቱ ይግባ፣ ያን ጊዜ እላጫለሁ።»

እማሆይ ቆባቸውን አስተካከሉ። «እንግዲያው ሥሩን ባሌ እስኪመጣ ቆየኝ በይው፤ ይሰማሽ እንደሆነ» አሉና ገቡ።

ትርንጎ ቤቷ ተመለሰች። እንኮይ የዳሩን ጠጉር ወደ መሐል እየሳበች ጥብቅ አድርጋ ሠራቻት፣ ምስሯም ተሸፈነች። ደስ አላት። ግን እንዲያ ጥብቅ ተደርጎ የተሠራ ጠጉር ሥሩ ይለቃል። ሹሩባው በተፈታ ቁጥር ምስሯ ባቄላ አከለች። ባቄላዋም ሰፋች። ትርንጎ ሻሽ ማሰር ጀመረች። ሰው ሲጠይቃት «ብርዱ ነው» ትላለች። በዚያ ሐሩር!

ፋሲካ ደረሰ። ቢሰውር አልመጣም። ከማዶ የመጣ አንድ ነጋዴ «በቅሎዎቹ ታመው አልቀውበታል፣ ሌላ እስኪገዛ እዚያው ነው» አለ። ወይዘሮ ወርቅያንጥፉ «በእኔ ምሎ ቀረ» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ግን አፋቸው ላይ ቀረ። ያን ቀን ከቀረበው ዶሮ አንድም አልቀመሱም።

ትርንጎም «ዝናቡ ሳይገባ ይመጣል» አለች። ዝናቡ ገባ። ወንዙ ሞላ። ከዚያም «ወንዙ ሲጎድል ይመጣል» አለች። ራሷን ለማሳከም የቀጠረችው ቀን ሁሉ የእሱ መምጫ ቀን ነበር። እሱ ሲዘገይ ሕመሟም አብሮ አደረ። እኔ እዚያ ብኖር በጆሮዋ ይዤ እወስዳት ነበር። ኧረ እውነቴን ነው። ግን ደግሞ አዝንላታለሁ። ጠጉሯን የምትጠብቀው ለራሷ አልነበረም። ቢሰውር እንዲመጣ የሚያደርገው ጠጉሩ ይመስላት ነበር፤ ጠጉሩ ካለ ባሏም አለ።

ሚዶው ላይ የሚቀረውን ጠጉር መጣል ፈራች። ሰው ያየዋል፣ ወፍም ይወስደዋል። እየጠቀለለች ከጓዳው ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ትወትፈው ጀመር። ወይዘሮ ወርቅያንጥፉ አንድ ጠዋት ግድግዳውን ሊመርጉ ጭቃ ይዘው ጓዳ ገቡ። ስንጥቁ ውስጥ ጣታቸውን ቢከቱ ጠጉር ነው። ቢጎትቱት አያልቅም። ምራታቸውን ጠሯት።

ወይዘሮ ወርቅያንጥፉም፦ «ይኼ የማን ነው?» አሏት።

ትርንጎ እጇን ወደ ራሷ አነሣች። ሻሿን ፈታች። አናቷ ላይ መዳፍ የሚያህል ባዶ ስፍራ አለ።

ወይዘሮዋ ጭቃውን መሬት አስቀመጡት። «ማን ያውቃል?»

«እንኮይና እማሆይ አጸደ።»

«እማሆይ ምን አሉሽ?»

«ገና ምስር ሳለ ተላጪ፣ ይበቅላል አሉኝ።»

«ታዲያ ለምን አልተላጨሽም?»

«እሱን ፈርቼ። እርስዎንም ፈርቼ እሜቴ። ልጅዎ መንገድ ላይ ሳለ ቤትዎ ውስጥ ብላጭ ምን ይሉኝ ነበር?»

ወይዘሮ ወርቅያንጥፉ ውሸት አይወዱም። «እውነትሽን ነው፤ አባርርሽ ነበር» አሏት።

ከዚያም ጭቃውን ትተው ወጡና መደቡ ላይ ተቀመጡ። እስኪመሽ ከዚያ አልተነሡም። ትርንጎ ጓዟን መሰብሰብ ጀመረች። እናቴ ቤት ልመለስ ነው ብላለች በልቧ። ሲነጋ ግን አማቷን ነጠላቸውን ለብሰው በሩ ላይ ቆመው አገኘቻቸው።

«ተነሽ እንሂድ፣ እማሆይ ዘንድ» አሏት።

«ሟርት ነው እሜቴ።»

«ሟርት ከሆነ በእኔ ይሁን። ልጄ ሲሄድ የመጨረሻ እጁ ያረፈው የት ነው? እኔን እንኳ በቅጡ አልሳመኝም፣ አንቺን ነው የነካው። እሱ ሲናፍቀኝ ይኼን ራስሽን ነው የማየው። ይኼን አበስብሼ ምን ብዬ ልቀበለው?» አሉ። አማትና ምራት ተያይዘው ሄዱ።

እማሆይ አጸደ ቁጣቸውን አልረሱም ነበር፣ ግን ባዶውን ስፍራ ሲያዩ ቁጣው ጠፋቸው። «ዙሪያው ይመለሳል። ይኼ መሐሉ ግን...» አሉና አልጨረሱትም። ላጯት። አጠቧት። መድኃኒቱ ሲያቃጥላት አማቷ እጇን ይዘው ቆሙ።

ሰው እንዳያይ ተሸፋፍና ገባች። ነገር ግን ውኃ ስትቀዳ፣ እንስራውን ወደ ጀርባዋ ስታዞር ገመዱ ሻሿን ገፈፈው። ምንጩ ዳር የነበሩ ሴቶች አዩ። አንዷም ምን ሆነሽ ብላ አልጠየቀቻትም። ምን ይጠየቃል? የነጋዴ ሚስት ተላጭታለች፣ ነጋዴው ሞቷል፣ አለቀ። እንስራቸውን ጥለው ሮጡ። ወዲያው መንደሩ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ «ወየው ቢሰውር» እያለ እነ ወይዘሮ ወርቅያንጥፉ ደጃፍ ደረሰ።

ወይዘሮዋ ክክ ሲለቅሙ ሰሙና ሰፌዳቸውን ይዘው ወጡ። «ማን ሞተ?» አሉ።

ሴቶቹም፦ «እኛማ ልናስተዛዝን ነው የመጣን። ምራትዎ ተላጭታለች» አሉ።

«ራሷን አሟት ነው።»

«አይደብቁን እትዬ ወርቅያንጥፉ።»

«ልጄ በሕይወት አለ እላችኋለሁ።»

«አለ፣ አዎ፣ አለ» አሉና ባሰባቸው። እርስ በርስም «ሐዘኑ አእምሯቸውን ነካቸው» ተባባሉ። መሬት ተቀምጠው እስኪወጣላቸው አለቀሱና ሄዱ።

ትርንጎ ቤት ውስጥ ሆና የባሏ ስም ሲለቀስበት ሰማች። እንዳልሞተ ታውቃለች። ታውቃለች ግን ማን አረጋገጠላት? እውነት ቢሆንስ? እኔ ጠርቼው ቢሆንስ? አለች። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታ ነከሰችው። አማቷ ገብተው አጠገቧ ተቀመጡ። ከዚያም ሁለቱ ተቃቅፈው ያልሞተ ሰው አለቀሱ። ናፍቆት እንደሆነ ሁለቱም ያውቁታል። ለቀስተኛው ነው በር የከፈተላቸው።

አሁን ወደ ቢሰውር ልውሰዳችሁ። ተኝታችኋል እንዴ? እንግዲህ ቢሰውር በቅሎ ገዝቶ፣ ጨዉን ጭኖ፣ ከሞላው ወንዝ ማዶ ሰፍሮ ውኃው እስኪጎድል ይጠብቅ ነበር። በየቀኑ ወርዶ ውኃውን ያየዋል። አገሩ ከማዶ ይታየዋል፣ መሻገር ግን አይችልም። እሱም እንደ ሚስቱ ነበር፣ መንገድ ያያል።

አንድ ቀን ከወዲህ ዳር የአገሩ ሰዎች መጡ። አይተው ለዩትና እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ጮኹ። ሞተ ያሉትን ሰው ቆሞ ሲያዩ ምን ይበሉ?

«ቢሰውር! ቤትህ ለቅሶ ነው! ሚስትህ ተላጭታለች!»

እሱም፦ «ማን ሞቶ ነው?» ብሎ ጮኸ።

እነሱም፦ «አንተ!» አሉት። ወንዙ ግን እየጮኸ ነው፣ መልሱን ዋጠው። ቢሰውር የሰማው ለቅሶውንና ምላጩን ብቻ ነው።

መሬት ላይ ተቀመጠና አሰበ። ሚስቴ ከተላጨች ሚስቴ በሕይወት አለች። ታዲያ ከዚያ ቤት የሚሞት ማነው? እናቴ ትሙት ብዬ ምዬ ነበር። ለፋሲካ እመጣለሁ ብዬ ቀረሁ። መሐላው እናቴን በላብኝ አለ። ምላጭ ለመነና ራሱን ተላጨ። በቅሎዎቹን ለጓደኞቹ ትቶ፣ ዋናተኞች ወገቡን በጠፍር አስረው ያን ውኃ አሻገሩት። ሁለት ጊዜ ውኃው ሸፍኖት ነበር፣ ጓደኞቹ አበቃለት ብለው ነበር። ወጣ። ከዚያም እያለቀሰ ወደ ቤቱ ገሠገሠ።

ወይዘሮ ወርቅያንጥፉ ጓሮ ጎመን ሲቀነጥሱ «እናቴ፣ በአፌ የገደልሁሽ» የሚል ለቅሶ ሰሙ። ድምፁን አወቁት። ጎመኑን እንደያዙ ወደ ደጁ መጡ። ልጃቸው ራሱን ተላጭቶ፣ ጭቃ ለብሶ አጥሩን ይዞ ቆሟል።

እናቱም፦ «ማንን ነው የምታለቅሰው ልጄ?» አሉት።

«አንቺን» አላቸው።

ተያዩ። ከዚያም ቢሰውር እዚያው ቁጭ አለ። እናቱ ራሱን አቅፈው ከያዙት በኋላ በጎመኑ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «ሁለተኛ በእኔ እንዳትምል» አሉት። እያለቀሱ ነው የሚመቱት።

ትርንጎም ወጣች። ባልና ሚስት፣ ሁለቱም ራሳቸውን ተላጭተው ፊት ለፊት ቆሙ። መንደሩ ሁሉ ተሰብስቦ ያያል፣ ማን እንደሞተ ለማወቅ።

ቤት ገቡ። እናቱ ነገሩን ከሥሩ ነገሩትና ጎመናቸውን ይዘው ወደ ማጀት ሄዱ። ቢሰውርም፦ «ልየው» አላት። ትርንጎ ሻሿን ፈታች። ዙሪያው ብቅ ብቅ ብሏል፣ ጥቁር ነው፣ ደህና ነው። መሐሉ ግን እንደ መዳፍ ልሙጥ ብሎ ባዶ ነው። ቢሰውር እጁን እዚያ ላይ አደረገ። መዳፉ ልክ ሞላው።

«ይኼኛው ለምን አልበቀለም?» አላት።

«እሱ አንተን ስጠብቅ የቆየሁበት ነው» አለችው።

«በጊዜ ብትሄጂ ይበቅል ነበር?»

«ይበቅላል ብለውኝ ነበር።»

ቢሰውር ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትርንጎም ተጸየፈኝ ብላ አንገቷን ደፋች። እሱ ግን እንባውን እየደበቀ ነበር።

ቢሰውርም፦ «ከእንግዲህ እኔን ጠብቂኝ፣ ሕመምሽን ግን አብረሽ አታስጠብቂው። ባመመሽ ቀን ሂጂ። እኔ ብኖርም ሂጂ፣ ባልኖርም ሂጂ» አላት።

ትርንጎ ከቃሉ ሁሉ አንዱን ብቻ ሰማች። ቀና ብላ አየችው።

«ጠብቂኝ ነው ያልከኝ? ደግሞ ትሄዳለህ ማለት ነው?» አለችው።

ቢሰውር ነጋዴ ነዋ፣ ምን ይላታል። እጁን ግን ከዚያ ከባዶው ስፍራ ላይ አላነሣም። እሷም አንሣ አላለችውም።

ይኸው ነው። ተረቴ አለቀ፣ ጉሮሮዬም ደረቀ። ከቆሎው ዝገኑልኝ፣ ከጠላው ቅዱልኝ፣ በልቼ ልተኛ።